ከሰሉን ከቤት አወጣን፤ ሲጋራውንስ?



ይህን ጽሑፍ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ አልጻፈውም። በወጣቶች ክፍል የምንገኝ ጥቂት ልጆች ለአምስት ሳምንታት ያህል እየተገናኘን ስንጠያየቅ፣ ያነበበው ላላነበበው ሲያስረዳ፣ በጤና ጣቢያ የምትሠራው እኅታችንም የተሳሳትነውን ስታርምልን ቆይተን በጋራ ያዘጋጀነው ነው። ከመካከላችን ሲጋራ ቀምሶ የማያውቅ አለ፤ አጭሶ የተወ አለ፤ እስከ ዛሬም ለመተው የሚታገል አለ። ስለዚህ «እናንተ አጫሾች» እያልን በማንም ላይ ጣታችንን አንቀስርም። «እኛ» እያልን እንነጋገራለን። ክረምቱም ሊገባ ስለ ሆነ፣ ይህ ትምህርት ዛሬ ቢቀርብ ሁለት ጥቅም ይሰጣል ብለን አምነናል።

ሀ. የነገሩ መነሻ

ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ በዋለበት ዕለት፣ ከመዝሙር ጥናት ወጥተን ወደየቤታችን ስንበተን ከአንድ ግቢ ጩኸት ሰማን። ሮጠን ስንገባ ጎረቤቶች የተዘጋ በር እየደበደቡ ነበር። መልስ ስለ ጠፋ በሩን ገፍተን ከፈትነው። አንዲት እናት ከትንሽ ልጃቸው ጋር ራሳቸውን ስተው ተኝተዋል። ብርዱ ስለ ጸናባቸው ቡና ያፈሉበትን የከሰል ምድጃ ወደ ክፍሉ አስገብተው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ የበሩንም ሥር በጨርቅ ወትፈው ኖሯል። እናትና ልጅን ተሸክመን ወደ ደጅ አወጣናቸው። ምድጃውንም አንዱ ልጅ እጁ እየተቃጠለ አውጥቶ ጭቃው ላይ ደፋው። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው፤ ኦክሲጅን ተሰጥቷቸው ሁለቱም ተረፉ።

የዚያኑ ዕለት ማምሻውን ከእኛው መካከል ሦስታችን፣ እጃችን ገና እየተንቀጠቀጠ፣ ከአጥሩ ጀርባ ቆመን ሲጋራ ለኮስን። ነርሷ እኅታችን ከሥራ ስትመለስ በዚያ በኩል አልፋ አየችን። አልተቆጣችም። «ቅድም ከእናትየው ቤት አውጥታችሁ የደፋችሁትን እኮ ነው አሁን በአፋችሁ የምታስገቡት» ብላን መንገዷን ቀጠለች።

ነገሩን ያጋነነችው መስሎን ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን «እውነቷን ይሆን?» እያልን መጠየቅ ጀመርን። ይህ ጽሑፍ የጥያቄው መልስ ነው።

ለ. ጋዙ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ «ጋዝ» ስንል ለመብራት ወይም ለምድጃ የምንገዛውን ነጭ ጋዝ ማለታችን አይደለም። እንደ አየር ያለ፣ የማይጨበጥ ነገር ማለታችን ነው።

እንጨትም ሆነ ከሰል፣ ቅጠልም ሆነ ወረቀት፣ ካርቦን ያለበት ነገር ሁሉ ሲቃጠል ካርቦኑ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳል። እሳቱ አየር እንደ ልብ ሲያገኝ አንዱ ካርቦን ሁለት ኦክሲጅን ይይዝና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህ እኛም ስንተነፍስ የምናስወጣው ነው። አየሩ ሲያጥረው ግን አንዱ ካርቦን አንድ ኦክሲጅን ብቻ ይዞ ይቀራል። ይህኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፤ አይሸትም፤ አይጣፍጥም፤ አይመርም። ዓይናችንን የሚያስለቅሰንና የሚያስለን ጭስ ሌላ ነው። ብዙዎቻችን «ከሰሉ ጭሱ አልቋል፤ ፍም ብቻ ነው፤ አሁን ቢገባ ምንም አይል» እንላለን። አደጋው ያለው ግን እዚያው ላይ ነው። ጥርት ብሎ የቀላው ፍም ጭስ ሳይታይበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል። የተኛ ሰው ሳያስለው፣ ሳያነቃው፣ ቀስ እያለ ይወስደዋል።

የሲጋራ ጫፍም ትንሽ ፍም ናት። አጫሹ በሚስብበት ጊዜ ጫፏ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትግላለች። ከፍሙ ኋላ ያለው ትንባሆ ግን በቂ አየር አያገኝም፤ ስለዚህ አቃጠሉ ያልተሟላ ነው። ከዚህም የተነሣ ወደ ሳንባ ከሚሳበው ጭስ ውስጥ በመጠን ከመቶ 3 እስከ 5 እጅ የሚሆነው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በሲጋራው ጫፍ ያለው ማጣሪያ ከዝፍቱና ከብናኙ የተወሰነውን ይይዝ ይሆናል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን እንደ ማንኛውም አየር በማጣሪያው ውስጥ አልፎ ይሄዳል።

እንግዲህ እኅታችን ያለችው የመጀመሪያው ነገር እውነት ሆኖ አገኘነው። በምድጃው ውስጥና በሲጋራው ጫፍ ያለው ጋዝ አንድ ነው። የሚለያየው መጠኑ ነው።

ሐ. ደም እንዴት ይሸከመዋል?

ደማችን ቀይ የሆነው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን በሚባል ነገር ምክንያት ነው። በአንዲት ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ወደ 270 ሚሊዮን የሚጠጉ የሄሞግሎቢን ቅንጣቶች አሉ። እያንዳንዷ ቅንጣት ብረት ያለባቸው አራት ቦታዎች አሏት፤ በእያንዳንዱም ቦታ አንድ ኦክሲጅን ይቀመጣል።

ነገሩ እንዲገባን አንዲትን የሄሞግሎቢን ቅንጣት አራት ወንበር እንዳላት ታክሲ እናስባት። ታክሲዋ ሳንባ ላይ ስትደርስ አራት ኦክሲጅኖች ይሳፈራሉ። ወደ ልብ፣ ወደ አንጎል፣ ወደ እግር ጡንቻ ሄዳ ታወርዳቸዋለች። ባዶዋን ተመልሳ ሌሎች ትጭናለች። ሕይወታችን የሚቀጥለው በዚህ ምልልስ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚህ መካከል ሲመጣ ሁለት ጉዳት ያደርሳል።

1ኛ/ ወንበሩን ይይዛል። ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚይዝበት ኃይል ኦክሲጅንን ከሚይዝበት ከ200 ጊዜ በላይ የበረታ ነው። ስለዚህ በአየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጥቂት ቢሆንም ወንበሩን ይሻማል። ከተቀመጠም በኋላ ቶሎ አይወርድም።

2ኛ/ ሌሎቹንም ተሳፋሪዎች ያግዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአራቱ በአንዱ ወንበር ሲቀመጥ፣ በቀሩት ወንበሮች ያሉት ኦክሲጅኖች ይበልጥ ይጣበቃሉ። ታክሲዋ መድረሻዋ ላይ ደርሳም በቀላሉ አታወርዳቸውም። ስለዚህ ጉዳቱ ከተያዙት ወንበሮች ቁጥር በላይ ነው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘ ሄሞግሎቢን ደማቅ ቀይ ነው። በእንዲህ ያለ ጋዝ የተመረዘ ሰው ኦክሲጅን ቢያጣም ገጽታው የደህና ሰው ሊመስል ይችላል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ብዙዎቻችን ያወቅናት በጣት ላይ የምትሰካው የኦክሲጅን መለኪያ እንኳ የተለመደችው ዓይነት ከሆነች ትታለላለች። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክሲጅን እንደ ያዘ አድርጋ ትቆጥረዋለች። ትክክለኛውን ለማወቅ በላቦራቶሪ የሚደረግ የደም ምርመራ ወይም ለዚሁ የተሠራ የትንፋሽ መለኪያ ያስፈልጋል።

መ. ይህን እንዴት ደረሱበት?

ይህን ዕውቀት ያገኘነው ብዙ ሰዎች ከደከሙበት በኋላ ነው። ፈረንሳዊው የሰውነት አሠራር ሊቅ ክሎድ በርናር በ19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚገድለው ከደሙ ጋር ተጣብቆ የኦክሲጅንን ቦታ በመንጠቅ መሆኑን አሳየ። በኋላም እንግሊዝ አገር ጆን ስኮት ሆልዴን የሚባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1895 ጋዙን በራሱ ላይ ሞከረው። እየተነፈሰው ሳለ ከደሙ እየቀዳ ይለካ ነበር። ከደሙ ከግማሽ በላይ እስኪያዝ ድረስ ቀጠለ፤ በመጨረሻም ያለ ደጋፊ መቆም እንኳ አስቸገረው።

ሆልዴን በዚሁ ሳያቆም የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ፍንዳታ ሲደርስ ሠራተኞቹን ምን እንደሚገድላቸው መረመረ። አብዛኞቹ የሞቱት በፍንዳታው ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሚቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚህም በኋላ በእርሱ ምክር ማዕድን ቆፋሪዎች ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ በቀፎ ይዘው መውረድ ጀመሩ። ወፏ ትንፋሿ ፈጣን ስለ ሆነ ጋዙ ከሰዎቹ በፊት እርሷን ይጥላታል፤ እነርሱም ያን አይተው ይወጣሉ። ይህ ልማድ በእንግሊዝ አገር እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ዘልቋል።

ስለ ሲጋራ የሆነውን እንመልከት። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሹም የነበሩት ሉተር ቴሪ ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚገልጸውን ታላቅ ሪፖርት ያወጡት እ.ኤ.አ. በጥር 1964 ነው። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በሲጋራ ፓኮዎች ላይ እየተፈራረቁ እንዲታተሙ ከተደረጉት አራት ማስጠንቀቂያዎች አንዱ በጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ መኖሩን ብቻ የሚናገር ነበር። ሌላ ምንም ማብራሪያ አልነበረውም። እኛም እንደዚያ ያለ ማስጠንቀቂያ አንብበን ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይገባን ማለፍ አይገባንም ብለን ነው ይህን ያህል የዘረዘርነው።

ሠ. የአንድ አጫሽ ደም በአንድ ቀን ውስጥ

የማያጨስና ንጹሕ አየር የሚተነፍስ ሰው ደም ውስጥም ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ያረጁ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋልና። መጠኑ ግን በአብዛኛው ከመቶ 2 እጅ አይሞላም። በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው ከሄሞግሎቢኑ ከመቶ 4 እስከ 8 እጅ ያህሉ ተይዞ ይገኛል። አብዝተው በሚያጨሱትም ላይ 10 እና ከዚያ በላይ ተለክቷል።

ንጹሕ አየር የሚተነፍስ ሰው በደሙ ካለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግማሹን ለማስወጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በዚህ መሠረት አንድ ስሌት እንሥራ።

አንድ ወንድማችን የመጨረሻዋን ሲጋራ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አጭሶ ተኛ እንበል። ደሙ በዚያ ጊዜ ከመቶ 8 እጅ ተይዟል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ወደ 4 ይወርዳል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደ 2 ይደርሳል። እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ቢታገሥ እንደ ማያጨስ ሰው ይሆን ነበር። ነገር ግን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ደሙ ሊጠራ ጥቂት ሲቀረው፣ ክብሪቱን ይጭራል። ሳንባው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጸዳ ያደረውን በጥቂት ሲጋራዎች ይመልሰዋል። ይህ በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ በየዓመቱ ይደጋገማል።

ጤና ጣቢያ ለደረሱት እናትና ልጅ ኦክሲጅን የተሰጣቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ንጹሕ ኦክሲጅን በሚተነፈስበት ጊዜ ግማሹ የሚወጣበት ጊዜ ከ5 ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል።

«ታዲያ አጫሽ ለምን እንደ እናትየው አይወድቅም?» ብለን ጠይቀን ነበር። ራስ ምታት በአብዛኛው የሚጀምረው መጠኑ ከመቶ 10 እና 20 እጅ መካከል ሲደርስ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ማቅለሽለሽና ማዞር ይመጣል፤ ወደ 50 ሲጠጋ ራስን መሳት፣ ከዚያም ሞት ይከተላል። አጫሽ ከመጀመሪያው ደረጃ በታች ሆኖ ዓመታትን ይገፋል። የማይወድቀውም ለዚህ ነው። ነገር ግን አለመውደቅ ደህና መሆን አይደለም።

ረ. የሚጎዳው ማን ነው?

ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ልብ ነው። ልብ ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ የኦክሲጅን ፍላጎቱ ብዙ ነው። በሲጋራው ውስጥ ያለው ኒኮቲን ልብን ቶሎ ቶሎ ያስመታዋል፤ ሥራውንም ያበዛበታል። በዚያው ቅጽበት ካርቦን ሞኖክሳይዱ የሚደርሰውን ኦክሲጅን ይቀንስበታል። ሠራተኛን ሥራ ጨምሮ ምሳውን እንደ መንጠቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካውያን ሐኪሞች የልብ የደም ሥሮቻቸው የጠበቡ 63 ወንዶችን መረመሩ። የደማቸው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ወደ 2 እና ወደ 4 እጅ ብቻ ከፍ ሲል፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ የደረት ሕመሙ ከወትሮው ቀድሞ ይጀምራቸው ነበር። ይህ ብዙ አጫሾች ሁልጊዜ ይዘውት የሚዞሩት መጠን መሆኑን ልብ እንበል።

ሁለተኛው ደሙ ራሱ ነው። ሰውነት ኦክሲጅን ሲያንሰው ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ደሙም ይወፍራል፤ የመርጋት ዕድሉም ይጨምራል።

ሦስተኛው በማኅፀን ያለ ፅንስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከእናቲቱ ደም ወደ ፅንሱ ያልፋል። በፅንሱም ደም ውስጥ ከእናቲቱ ይበልጥ ይከማቻል፤ ለመውጣትም ይዘገያል። የሚያጨሱ እናቶች ልጆች ሲወለዱ ከሌሎቹ በአማካይ ወደ 200 ግራም ያንሳሉ፤ ለዚህም ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ጋዝ ነው።

አራተኛው አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ነው። ሲጋራው በማይሳብበት ጊዜም ጫፉ እየነደደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ክፍሉ ይለቃል። በጠባብ ክፍል ውስጥ አባት ሲያጨስ ሕፃኑም ሳይወድ ይካፈላል።

ሰ. የደጋ ሰው ሆነን ስናየው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ ነው። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ወደ ሰሜን ተራሮች ስንወጣ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ደገኞችን ደም መርምራ ነበር። በዚያ ከፍታ እየኖሩ የሄሞግሎቢናቸውም ሆነ የደማቸው የኦክሲጅን መጠን በባሕር ወለል ላይ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም ያልራቀ ሆኖ አገኘችው። በሌሎች የዓለም ተራሮች ከሚኖሩ ሕዝቦች የተለየ ነገር ስለ ነበረ ሳይንቲስቶቹን በጣም አስደንቋል።

አባቶቻችን በሳሳ አየር እያረሱ፣ እየወጡና እየወረዱ ለኖሩበት ደም ይህን ያህል ጸጋ ተሰጥቶታል። እኛ ግን ኦክሲጅኑ አስቀድሞ በቀነሰበት አገር ላይ ሆነን በገዛ ገንዘባችን ሌላ ቅናሽ እንገዛበታለን። ዳገት ስንወጣ የሚያለከልከን «ዕድሜው ነው» ብለን የምናሳብበው ገና በ22 ዓመታችን ነው።

ቀ. የምንሰማቸው ማመካኛዎች

«እኔ ቀላሉን ሲጋራ ነው የማጨሰው» የሚል አለ። ቀላል በሚባለው ሲጋራ አጫሹ የለመደውን ኒኮቲን ለማግኘት በጥልቀትና ደጋግሞ ይስባል፤ ስለዚህ የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ እምብዛም አይቀንስም።

«ሺሻ በውኃ ስለሚያልፍ ይጣራል» የሚልም አለ። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይዱን አይዘውም። ከዚህም በላይ በሺሻው አናት ላይ የሚቀመጠው ራሱ ከሰል ነው። አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ሺሻ ሲያጨስ የሚወስደው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአንድ ሲጋራ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ራሳቸውን ስተው ሐኪም ቤት የገቡም አሉ። በአገራችንም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ሲጋራ መሸጥንም አግዷል።

«በቀን ሁለት ብቻ ነው» የሚለው ወንድማችንም መጠኑ ከብዙ አጫሽ እንደሚያንስ እውነት ነው። ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ምንም ደስታ አይሰጥም። ሰውን የሚያስረው ኒኮቲኑ ነው፤ ሁለቱን ወደ አሥር፣ አሥሩን ወደ ሃያ የሚያሳድገውም እርሱ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከኒኮቲኑ ጋር ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነው።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ይህንም እንጨምር። የሲጋራ ጉዳት ሁሉ ከካርቦን ሞኖክሳይድ የሚመጣ አይደለም። ካንሰር የሚያመጡት በጭሱ ውስጥ ያሉ ሌሎች መርዞች ናቸው። እኛ የመረጥነው ከጉዳቶቹ አንዱን ነው፤ የመረጥነውም ቶሎ የሚድነው እርሱ ስለ ሆነ ነው።

በ. ከመካከላችን የሆነው

አሁን የምንጽፈውን ባለቤቱ ፈቅዶልን ነው።

ከአጥሩ ጀርባ ከቆሙት ሦስቱ አንዱ ከበሮ መቺያችን ነበር። ከ17 ዓመቱ ጀምሮ ያጨስ ነበር፤ ሽታው እንዳይታወቅበት ሎሚ ይልስ፣ ጤና አዳም ያሽ ነበር። እኛ ግን እናውቅ ነበር። አንዳንዶቻችን አጠገባችን ሲቀመጥ ወንበር እንቀይር ነበር። አንድ ቀንም ከመካከላችን አንዱ በሰው ፊት «አንተ ሸተትክ» አለው። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አልመጣም። በእነዚያ ሁለት ወራት ከአንድ ፓኮ ወደ ሁለት ደረሰ። ይህን በደል የፈጸምነው እኛ ነን፤ በማንም አናሳብብም።

በጥቅምት ጥናቱን ስንጀምር ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ መጣም። ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። የ5 ሰዓቱን ስሌት በሰሌዳ ላይ ስንሠራው ግን እጁን አንሥቶ «ታዲያ በአንድ ቀን ይጠራል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነርሷም «ከዚህ ጋዝ፣ አዎን፤ አንድ ቀን ይበቃዋል» አለችው። «እኔ እኮ አንድ ጊዜ ከተበላሸ ተበላሸ ብዬ ነበር የተውኩት» አለ። ተስፋ የቆረጠ ሰው መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

በኅዳር አቆመ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እጅግ ከበዱት፤ ተናደደ፣ እንቅልፍ አጣ፣ ከእኅቱ ጋር ተጣላ። በጥር ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ሳለ አንዱ ሲዘረጋለት ተቀበለና እንደገና ጀመረ። አፍሮ እንደገና ሊጠፋ ሲል ሄደን አመጣነው። በየካቲት ዳግመኛ አቆመ። እነሆ አሁን አራት ወር ሆነው። ከታች ሰፈር እስከ ደጀ ሰላሙ ያለውን ዳገት ሳያርፍ ይወጣል። ከሦስቱ ሌላው ቀንሷል እንጂ አልተወም። ሦስተኛው ገና ነው። ሁሉም ከእኛው ጋር ናቸው።

ተ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ለሚያጨስ ሰው ደሙ ከዚህ ጋዝ በአንድ ቀን ገደማ እንደሚጠራ እንንገረው። ካቆመ ከአንድ ዓመት በኋላም በሲጋራ ምክንያት የመጣበት የልብ ሕመም ሥጋት በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ እንጨምርለት። ይህን ማወቅ ለመጀመር ብርታት ይሰጣል።

2ኛ/ አንድ ጊዜ ቢወድቅ እንደ ተሸነፈ አንቁጠረው። ብዙዎች የሚተዉት ደጋግመው ከሞከሩ በኋላ ነው። ኒኮቲኑ በጣም የሚያስቸግረው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ያማክር።

3ኛ/ ሰውን በሽታው አናሳፍር። ከአጥር ጀርባ የተደበቀን ሰው መርዳት አይቻልም።

4ኛ/ ያላጨስን አንጀምር። መተው የሚቻል ቢሆንም ምን ያህል እንደሚከብድ ወንድማችንን ጠይቁት።

5ኛ/ ክረምቱ ሲገባ በየቤታችን ስለ ከሰል እንንገር። ፍም ያለበት ምድጃ ሰው በሚተኛበት ክፍል አይደር። ሰው ወድቆ ከተገኘ አስቀድሞ በሩን መክፈት፣ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ፈጥኖም ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያስወጣም፤ ራሱን የሳተውን ሰው ግን ሊያንቀው ይችላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጭሱ ያለቀ ፍም ለምን ይበልጥ ያዘናጋል?
2. ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ላይ የሚያደርሳቸው ሁለት ጉዳቶች የትኞቹ ናቸው? በታክሲዋ ምሳሌ አስረዱ።
3. ደሙ ከመቶ 6 እጅ የተያዘ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ባያጨስ፣ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስንት ይቀርበታል?
4. ከመካከላችን የሚያጨስ ሰው እንደ ገና ከአጥር ጀርባ እንዳይቆም በዚህ ሳምንት ምን ልናደርግ እንችላለን?

እናትየው ዛሬ ደህና ናቸው። ትንሿ ልጅም በሕፃናት ክፍል ትማራለች። እኛን ባየችን ቁጥር «ከሰሉን ያወጡት» ትለናለች። በሌላውም ነገር ይህ ስም እንዲገባን እየጣርን ነው። ለዛሬው ይህ ይበቃናል።

ከወጣቶች ክፍል